የጉድፍና የአልማዝ ባለጭራ ቁጥር ሲነበብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ዘንድሮ አልማዝ ባለጭራ በዛ» የሚል ሰው በደብረ ብርሃንም በመንዝ መሐል ሜዳም አይጠፋም። ሊሆን ይችላል። ግን በሽታው ነው የበዛው ወይስ ሰው?

የመጀመሪያው ስህተት ጉድፍንና አልማዝ ባለጭራን የማይተዋወቁ በሽታዎች ማድረግ ነው። ሁለቱም የአንድ ቫይረስ ሥራ ናቸው። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የወጣው ቫይረስ በነርቭ ሥር አድፍጦ ይኖርና የመከላከል አቅም ሲደክም በአንድ የሰውነት ወገን ብቻ እያቃጠለ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ከዛሬ የአልማዝ ባለጭራ ታማሚዎች ብዙዎቹ ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበሩ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው፣ ከሁሉም የሚያናድደኝ፣ በጥሬ ቁጥር መፍረድ ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካው፣ ዩኒቨርሲቲውና ተፈናቃዩ ሰው ጨምሮባታል፤ ታማሚ ቢጨምር ምን ይገርማል? በመንዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ አያቶች ይቀራሉ። በሽታው ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ እየበረታ ስለሚሄድ፣ የማንም ሰው አደጋ ሳይለወጥ ከሺህ ነዋሪ የሚታመመው ይጨምራል። መፍትሔው የጤና ጣቢያውን የታማሚ መዝገብ በዕድሜ ከፋፍሎ መቁጠር ነው። በዕድሜ ዓምድ «አዋቂ» ተብሎ የተሞላ መዝገብ ግን ለዚህ አይረባም፤ ሁሉንም 40፣ 50፣ 60 እያሉ ማጠጋጋትም ያው ነው።

ሦስተኛው «ልጅ ሲያንስ ሁለቱም ያንሳሉ» ማለት ነው። በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በ2000 እ.ኤ.አ. 5.5 ነበር፤ በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል። ልጅ ሲያንስ ጉድፍ ሊቀንስ ይችላል፤ የሚይዘውም ዘግይቶ ይሆናል፣ በአዋቂ ላይ ደግሞ ይከፋል። አልማዝ ባለጭራስ? እንግሊዛዊው ሐኪም ሆፕ ሲምፕሰን በ1965 እ.ኤ.አ. ጉድፍ የያዘውን ልጅ የሚያስታምም አዋቂ መከላከያው ይታደሳል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ከሆነ የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አያት ብቻዋን ከቀረችው ትሻላለች፤ ልጅ ባነሰ ቁጥርም አልማዝ ባለጭራ ለአሥርት ዓመታት ሊጨምር ይችላል። እድሳቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ግን ምሁራኑ ዛሬም ይከራከራሉ።

አልማዝ ባለጭራ የበዛው በክትባት ነው ብሎ መውቀስም አለ። አሜሪካ የጉድፍ ክትባት የጀመረችው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ አልማዝ ባለጭራ እዚያ መጨመር የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። የእኛ ልጆች የሚወስዱት የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ጉድፍን አይከላከልም።

ጉድፍ የግድ በእንግዳ ይገባል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። አልማዝ ባለጭራ የያዛቸው አዛውንት ቁስላቸው ሳይደርቅና ሳይሸፈን የታቀፉት ሕፃን ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ጥቂት ሰው በሚኖርበት ገለልተኛ ቀበሌ ቫይረሱ ትውልድ የሚሻገረው እንዲህ ነው።

በመጨረሻ፣ ሁሉን በእርጅና ማሳበብ። አልማዝ ባለጭራ በወጣት ላይ ሲወጣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ይገባል። የቫይረሱ መድኃኒትም የተሻለ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና፣ ወጣትም ሆነ አዛውንት ጤና ጣቢያ መሄድ ያለበት በዚያው ሦስት ቀን ውስጥ ነው።