የቃሪያዬ አበባ መርገፍ ቆመ

ድሬዳዋ ጓሯችሁ ውስጥ ቃሪያ ተክላችሁ አበባው እየረገፈ ላስቸገራችሁ ይቺን ሞክሩ። የኔው ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባው ግን ከነአንገቱ ቢጫ ይሆንና ጠብ ይላል፣ ቅጠሉን ገልብጬ ባይ ባይ ምንም ተባይ የለም። ለካ ሙቀቱ ነው! ቀን ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ከ24 አልወርድ ሲል የአበባው ዱቄት ይዳከምና ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ በሚመታው በኩል ሼድ ኔት የሚባለውን የጥላ መረብ ወጠርኩለት (ከሌለ ሳሳ ያለ ነጭ ጨርቅም ይሆናል፣ ብቻ አየር እንዳትዘጉበት)፣ ስሩን በደረቅ ሳር ሸፈንኩ፣ ውሃውን በጠዋት እስኪጠግብ፣ ዩሪያ ደግሞ አበባ ከጀመረ በኋላ ጭራሽ የለም ምክንያቱም ቅጠል ነው የሚያበዛው። አሁን አበባው ሲደርቅ ከስሩ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ቃሪያ ብቅ እያለች ነው፣ በጣም ደስ ይላል። ተክሉን ቶሎ አትንቀሉት፣ ሙቀቱ ሲቀንስለት እንደገና ያብባል።