በውቅያኖስ ድንግዝግዝ ቀጠና የሚኖሩ እንስሳትን እንዴት ማጥናት ይቻላል?

ከውቅያኖስ ገጽ ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የውኃ ክፍል ሜሶፔላጂክ ወይም ድንግዝግዝ ቀጠና ይባላል። የፀሐይ ብርሃን ጨርሶ ባይጠፋበትም ለዕፅዋት ምግብ ዝግጅት አይበቃም። ይህን ቀጠና ለማጥናት የሚነሣ ሰው መሣሪያ ከመምረጡ በፊት አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በዚያ ስፍራ የሚኖሩ እንስሳት የሚጠለሉበት ድንጋይም ሆነ ሣር ስለሌላቸው መደበቂያቸው የገዛ አካላቸው ነው፤ ስለዚህ የትኛውም መሣሪያ ለብቻው ሁሉንም አያሳይም።

በቅድሚያ ሰዓቱን ይወስኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሶናር፣ ማለትም ድምፅ ልኮ በሚመለሰው ማሚቶ በውኃ ውስጥ ያለውን በሚያሳይ መሣሪያ፣ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች፣ ቀን ቀን በጥልቁ የባሕር ወለል መስሎ የሚታይ፣ ሲመሽ ግን ወደ ላይ የሚወጣ ንብርብር አጋጥሟቸው ነበር። ንብርብሩ ማታ ለመመገብ ወደ ውኃው ገጽ የሚወጡ፣ ሲነጋም የሚመለሱ የዓሣዎችና የሌሎች እንስሳት መንጋ ነው። በመሆኑም ከአንድ ቦታ በቀትርና በእኩለ ሌሊት ናሙና ካልተወሰደ፣ የሚገኘው የዝርያ ዝርዝር ግማሽ ነው።

መንጋው ያለበትን ጥልቀት ለማወቅ ሶናር ይረዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የድምፅ ድግግሞሽ 38 ኪሎኸርዝ ነው። ነገር ግን ድምፁን አጉልቶ የሚመልሰው በእንስሳው አካል ውስጥ ያለ አየር ስለሆነ፣ አየር የቋጠረ አንድ ሳይፎኖፎር (ጄሊፊሽ መሰል ለስላሳ እንስሳ) እንደ ዓሣ ሊቆጠር፣ አየር የሌለው ዓሣ ደግሞ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

ቀጥሎ በተፈለገው ጥልቀት ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ መረብ ይጣላል። መረቡ ሲወጣ የተያዙትን ወዲያው በቀዝቃዛ የባሕር ውኃ ውስጥ ያኑሩ፤ ቀለማቸው ቶሎ ስለሚለወጥ አስቀድመው ፎቶግራፍ ያንሷቸው። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን የተባለ ፈሳሽ ዲኤንኤን ስለሚጎዳ፣ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ሥጋ ቆርጠው በኢታኖል (በአልኮል) ያስቀምጡ። ፋኖስ ዓሣ ሲያገኙ ሆዱንና ጎኑን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። በተርታ የተደረደሩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብርሃን አመንጪ አካላት ናቸው፤ ወደ 250 የሚጠጉት የዚህ ወገን ዝርያዎች የሚለዩትም በአብዛኛው በነጠብጣቦቹ አቀማመጥ ነው። ከሆድ የሚፈነጥቀው ብርሃን ከላይ ከሚመጣው ጭላንጭል ጋር ሲመሳሰል፣ ከታች ሆኖ ለሚያድን ጠላት የዓሣው ጥላ ይሰወራል።

መረብ ለስላሳ አካላትን ይቦጫጭቃል፤ ለዚህ ከማክሮፒና ማይክሮስቶማ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ይህ ዓሣ በሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ቢሆንም፣ ጭንቅላቱን የሚሸፍነው ብርሃን አስተላላፊ ክዳን በመረብ ውስጥ ስለሚጠፋ ለረጅም ዘመን ሳይታወቅ ቆይቷል። የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም የምርምር ተቋም ባለሙያዎች በርቀት በሚመራ የባሕር ሮቦት በሕይወት ሳለ ቀርጸውት፣ አረንጓዴ ዓይኖቹ በክዳኑ ውስጥ ሆነው ከላይ ወደ ፊት እንደሚዞሩ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳወቁ። ከአፉ በላይ ዓይን የሚመስሉት ሁለት ጉድጓዶች የማሽተቻ ቀዳዳዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ካሜራ የግድ ነው፤ መብራቱም ቀይ ቢሆን ይመረጣል። ቀይ ብርሃን ከላይኛው ውኃ ብዙም ሳያልፍ ስለሚዋጥ፣ አብዛኞቹ የጥልቁ እንስሳት ቀይ ቀለም አያዩም፤ በነጭ መብራት ግን ይሸሻሉ ወይም ባሕርያቸው ይለወጣል። ማላኮስቴውስን የመሰሉ ቀይ ብርሃን የሚያመነጩና የሚያዩ ጥቂት ዓሣዎች መኖራቸውን ግን አይርሱ።

ውኃ አጣርቶ በውስጡ የቀረውን ዲኤንኤ መመርመር ከመረብም ከካሜራም ያመለጡትን ይጠቁማል። የሰው እጅና የመርከቡ ዕቃ ናሙናውን በክለውት እንደሆነ ለማወቅ ንጹሕ ውኃ በተመሳሳይ መንገድ አጣርተው ያነጻጽሩ፤ የእንስሳውን መጠንና ዕድሜ ግን ከዚህ አይጠብቁ። በሁሉም ዘዴ ጥልቀቱን፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ የኦክስጅኑን መጠንና የተጣራውን ውኃ ልክ ይመዝግቡ፤ ምንም ያልተገኘበትን ጊዜም ጭምር።

መርከብ የሌለው ሰውም መጀመር ይችላል። እንደ ሽሚት ውቅያኖስ ኢንስቲትዩት ያሉ ተቋማት የባሕር ሮቦቶቻቸውን ጉዞ በቀጥታ ያስተላልፋሉ። ሮቦቱ ወለሉን እስኪነካ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ሲወርድና ሲወጣ በዚህ ቀጠና የሚያልፍባቸውን ደቂቃዎች በትኩረት ይከታተሉ፤ እንስሳ ብቅ ባለ ቁጥርም ጥልቀቱን ከማያ ገጹ ላይ አንብበው ይጻፉ።