የወረዳችሁን የወንጀል ዜና ለጋዜጣ እንዴት ትጽፋላችሁ?

መንዝ ውስጥ ሌሊት በጎች ተሰረቁ እንበል። ሲነጋ ወሬው ገበያ ደርሷል። እንደ በኩር ያለ ሳምንታዊ የክልል ጋዜጣ ይህን ወሬ አይቀድመውም፤ ለመቅደም መሮጥም የለበትም። ሥራው የተወራውን ከተረጋገጠው መለየት ነው።

መጀመሪያ ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መቼ፣ የት፣ ምን ጠፋ፣ የተያዘ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የነገራችሁን ኃላፊ ስምና ማዕረግ መዝግቡ። ከዚያ የተሰረቀባቸውንና ጎረቤቶቻቸውንም አነጋግሩ።

መጻፍ ስትጀምሩ ቃላቱን ለዩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሲከሰው ተከሳሽ ይሆናል። ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ሲወስን ብቻ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20ም የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱን ይጠብቃል። «ሌባው ተያዘ» ካላችሁ እናንተው ፈረዳችሁበት። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ቀርቧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልቀረበ ያም ዜና ነው።

ስም ላይ በጣም ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ላይ «አንድ ልብስ ሰፊ» ቢባል ማንም አያውቀውም። በትንሽ ቀበሌ ግን «ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ» ካላችሁ ስሙን ጠራችሁት ማለት ነው። የተደፈረች ልጅ ከሆነች ትምህርት ቤቷን፣ የወላጆቿን ሥራ፣ ጎጧንም ተዉት። ተከሳሹ አጎቷ ከሆነ ዝምድናውን መጻፍ እሷን አደባባይ ማውጣት ነው። እኔ ብሆን ዜናው ቢሳሳ ይሻለኛል።

ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ሲሆን የሟች ወገን ደም ይፈልጋል፤ ሽማግሌዎችም እርቅ ይዘው ሊሆን ይችላል። «እነ እገሌ ገደሉ» ብላችሁ ቤተሰብ በጅምላ አትጥቀሱ። እርቅ ወረደ ማለት ክሱ ቀረ ማለት እንዳልሆነም ለአንባቢ ንገሩ።

ከዚያ ችሎት ግቡ። እንደ መንዝ ላለ የሰሜን ሸዋ ወረዳ ከባድ ጉዳዮች የሚታዩት ደብረ ብርሃን፣ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በዝግ ካልታየ በቀር ችሎት ለማንም ክፍት ነው። የመዝገብ ቁጥሩንና ቀጣዩን ቀጠሮ ያዙ፤ እስከ ውሳኔው ተከታተሉ። ሰውየው በነጻ ከተሰናበተ መያዙ የወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው ስፋት ጻፉት።