የክላስ ዲያግራምን ወደ ዳታቤዝ ዲዛይን እንዴት መቀየር ይቻላል?

ክላስ ዲያግራሙ (የፕሮግራሙን ክላሶችና ግንኙነታቸውን የሚያሳየው ሥዕል) አልቋል። ሳጥኖቹ ተደርድረዋል፣ መስመሮቹም ተሰምረዋል። «እንግዲህ እያንዳንዱን ሳጥን ቴብል ማድረግ ነው፣ በቃ!» ይላል ሰው። እኔም ብዬ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላኛው ግማሽ ግን አሳሬን አሳይቶኛል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፕሮግራም ውስጥ አንድ የትምህርት ክፍል መምህራኑን በሙሉ በዝርዝር ይዞ መቀመጥ ይችላል። ሪሌሽናል ዳታቤዝ (መረጃን በቴብል የሚያስቀምጥ) ውስጥ ግን ያለው ረድፍና ኮለም ብቻ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ (Codd) ሪሌሽናል ሞዴሉን እ.ኤ.አ. በ1970 ካቀረበበት ጊዜ ጀምሮ አንዱ ረድፍ ከሌላው የሚገናኘው መለያው እዚያኛው ላይ ስለተጻፈ ነው፣ በሌላ መንገድ አይደለም።

1. የማይቀመጠውን አውጡ

ስክሪን የሚያሳዩ፣ ሥራ የሚያቀናጁ ክላሶች ቴብል አይሆኑም። ሜተዶችም (ክላሱ የሚሠራቸው ተግባራት) ይቀራሉ። የሚሰላ ነገር አታስቀምጡ፤ ዕድሜ ሳይሆን የትውልድ ቀን ይቀመጥ።

2. ክላሱን ቴብል፣ አትሪቢዩቱን (ክላሱ የሚይዘውን መረጃ) ኮለም አድርጉ

ዲያግራሙ ላይ መለያ ቁጥር ላይኖር ይችላል፤ ቴብል ግን ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ኮለም) ይፈልጋል። ስልክ ወይም ኢሜይል አታድርጉት፣ ሰው ይቀይረዋል። ራሱ የሚቆጥር ቁጥር ስጡትና ኢሜይሉ ላይ ዩኒክ (እንዳይደገም) የሚለውን ገደብ ጨምሩበት። ይህችን ገደብ ብዙ ሰው ይረሳታል፣ ከዚያ አንዱ ተማሪ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል። ገንዘብ ከሆነ ዴሲማል (ትክክለኛ አሥርዮሽ) እንጂ ፍሎት (ግምታዊ አሥርዮሽ) አይሁን፤ ፍሎት 0.1ን እንኳ በትክክል መያዝ አይችልም። አትሪቢዩቱ ዝርዝር ከሆነ፣ ለምሳሌ ብዙ ስልክ ቁጥሮች፣ ለብቻው ቴብል ይውጣለት። በኮማ እየለያችሁ አንድ ኮለም ውስጥ መጠቅጠቅ ለጊዜው ይመቻል፣ በኋላ አንድ ቁጥር ልፈልግ ስትሉ ግን ታለቅሳላችሁ።

3. መስመሮቹን ተርጉሙ

አንድ ለብዙ ከሆነ ፎሪን ኪው (የሌላውን ቴብል መለያ የሚይዘው ኮለም) የሚቀመጠው «ብዙ» ባለበት በኩል ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ትምህርት ክፍሉ መምህራኑን ይይዛል፣ ዳታቤዙ ውስጥ ግን መምህሩ የትምህርት ክፍሉን ቁጥር ይሸከማል። ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው።

ብዙ ለብዙ ከሆነ መሃል ላይ ሦስተኛ ቴብል ያስፈልጋል። ተማሪ ብዙ ኮርስ ይወስዳል፣ ኮርስም ብዙ ተማሪ አለው። ታዲያ ውጤቱ የት ይጻፍ? ተማሪው ላይ አይሆንም፣ ኮርሱም ላይ አይሆንም፤ «ምዝገባ» በሚባለው የመሃል ቴብል ላይ ነው ቦታው።

አንድ ለአንድ ከሆነ ፎሪን ኪው ላይ ዩኒክ ጨምሩ፣ አለበለዚያ ሳታውቁት አንድ ለብዙ ሆኗል። መስመሩ ጫፍ ላይ 0..1 (ዜሮ ወይም አንድ) ካለ ኮለሙ ባዶ መሆን ይችላል፣ 1 ካለ አይችልም። 1..* (አንድ ወይም ከዚያ በላይ) ላይ ግን አንድ ጉድ አለ፦ «እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ቢያንስ አንድ መምህር ይኑረው» የሚለውን ፎሪን ኪ ብቻውን አያስከብርም። እሱን ኮድ ውስጥ ነው የምትጠብቁት። መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ዳይመንድ ዋናው ሲጠፋ የእሱ አካል የሆነውም አብሮ ይጥፋ ማለት ነው፣ ካስኬድ ዲሊት ይሆናል። ነጩን ዳይመንድ (አካሉ ያለ ዋናው መኖር የሚችልበትን) እኔ እንደ ተራ መስመር ነው የማየው።

4. ኢንሄሪታንስ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ

ሪሌሽናል ቴብል በራሱ ውርስ (አንድ ክላስ የሌላውን ባሕርይ መውሰዱ፣ ለምሳሌ ተማሪና መምህር ከ«ሰው») አያውቅም፣ ስለዚህ ከሦስት መንገድ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። አንደኛው ሁሉንም አንድ ቴብል ውስጥ ከትቶ «ዓይነት» የሚል ኮለም መጨመር ነው። ፈጣን ነው፣ ግን መምህሩ ረድፍ ላይ የተማሪው ኮለሞች ባዶ ይቀራሉ። ሁለተኛው ለወላጁም ለልጆቹም ለየብቻ ቴብል መሥራት ነው፤ የልጁ ፕራይመሪ ኪ ወደ ወላጁ የሚያመለክት ፎሪን ኪም ይሆናል። ንጹሕ ነው፣ ጆይን (ቴብሎችን አገናኝቶ ማንበብ) ግን ያበዛል። ሦስተኛው ወላጁን ትቶ የእሱን ኮለሞች እያንዳንዱ ልጅ ላይ መድገም ነው። ይሄኛውን አልወደውም፤ መጽሐፍ የተዋሰ «ማንኛውም ሰው» ሲመጣ ፎሪን ኪው ወደየትኛው ቴብል ያመልክት?

እኔ የመጀመሪያውን መርጬ ነበር። «ሰው» የሚል ቴብል፣ «ዓይነት» የሚል ኮለም፣ ውስጡ ወይ ተማሪ ወይ መምህር። ለወራት አማን ነበር። አንድ ቀን የማስተርስ ተማሪ የሆነ ልጅ ማስተማር ጀመረ። ኮለሙ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው! እኔም ቸኩዬ ሰውየውን እንደገና መዘገብኩት። ከዚያ አድራሻው አንዱ ላይ ሲስተካከል ሌላው ላይ አሮጌው ቀረ፣ እንደሱ ያሉ ሰዎችም በዙ፤ ድርብ ረድፎቹን በእጅ እያመሳከርኩ ለማዋሃድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ስህተቱ የቴብል ብቻ አልነበረም፣ ዲያግራሙም ላይ ነበር። ተማሪነት ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ሚና ነው፤ እንደ ዝርያ የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይሄ ነገር አንድ ቀን ወደዚያኛው ይቀየራል ወይ? ሁለቱንም ባንዴ መሆንስ ይችላል? መልሱ አዎ ከሆነ «ሰው» አንድ ቴብል ይሁን፣ «ተማሪ» እና «መምህር» ደግሞ ወደ እሱ የሚያመለክቱ ለየብቻ ቴብሎች። አይደለም ከሆነ፣ ልዩነቱ አንድ ሁለት ኮለም ብቻ ሲሆን የመጀመሪያውን፣ ልጆቹ የራሳቸው ብዙ ኮለምና መስመር ሲኖራቸው ሁለተኛውን ውሰዱ።

መሣሪያዎቹ ይሄን አይጠይቋችሁም። የጃቫው ጄፒኤ (ክላሶችን ከቴብል ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ምንም ካልነገራችሁት ሁሉንም አንድ ቴብል ውስጥ ይከተዋል፤ የፓይተኑ ጃንጎ ደግሞ በተለመደው ውርስ ለየብቻ ቴብል ይሠራል። ከዲያግራም በቀጥታ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ) የሚያወጡትም ትየባ ያሳጥራሉ እንጂ አያስቡላችሁም።

5. ኢንዴክስና ሙከራ

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ለፎሪን ኪ ኮለም ራሱ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) አይሠራም፣ እናንተ ጨምሩ። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ግን በኢኖዲቢ (መረጃ በሚያስቀምጥለት ሞተሩ) ላይ ራሱ ይሠራል።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ወረቀት አውጡና ለእያንዳንዱ ቴብል ሦስት ሦስት ረድፍ በእጃችሁ ሙሉ። አንዱ ረድፍ የግድ አስቸጋሪው ሰው ይሁን፦ ትምህርት አቋርጦ የተመለሰው፣ አንድ ኮርስ ሁለት ጊዜ የወሰደው፣ ወይም እንደዚያ ልጅ እየተማረ የሚያስተምረው። የምትጽፉበት ቦታ ካጣችሁ ወደ ደረጃ 3 እና 4 ተመለሱ።