ባለ ሳይድካር ሞተር ሲያስቸግርህ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ጭቃውንም፣ አህያውንም፣ ሳያስበው የሚዞረውን ባጃጅም ለምጄዋለሁ። ሳይድካር (ከሞተሩ ጎን የሚታሰር ባለ አንድ ጎማ መሳፈሪያ) የተገጠመለትን ሞተር የገዛሁ ቀን ግን ከሻጩ ግቢ ወጥቼ ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ያውም በእግረኛ ፍጥነት! የሰፈር ልጆች ገፍተው አወጡኝ። አንዱማ «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ አለህ?» አለኝ።

አለኝ። እንዲያውም ችግሩ እሱ ነበር። ሞተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይድካር ቶሎ ይለምዳል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምናውቀውን መርሳት አለብን።

ስለዚህ የሆነ ነገር ሲገጥምህ ወደ ጋራዥ ከመሮጥህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ መቼ ነው እንዲህ የሚያደርገው? ነዳጅ ስትሰጥ ብቻ ነው? ፍሬን ስትይዝ ብቻ? ወይስ ዝም ብለህ በእኩል ፍጥነት ስትሄድም? ጥፋቱ የአንተ ይሁን፣ የገጠመው ሰው ይሁን ወይም የማንም አይሁን፣ የሚለየው በዚህ ነው። (ሴቶች «አንቺ» እያላችሁ አንብቡልኝ።) ደግሞ የምጽፈው ሁሉ ሳይድካሩ በቀኝ በኩል ለተገጠመ ሞተር ነው፤ እኛ የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ። በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ ከሆነ ሁሉንም ገልብጠህ አንብበው።

«አልታጠፍ አለኝ፤ ቀኝ ስለው ግራ ይሄዳል»

ይሄ የእኔ የቦይ ታሪክ ነው። ባለ ሁለት እግር ሞተር ትንሽ ፍጥነት ሲይዝ በመሪ አይታጠፍም፤ በማዘንበል ነው የሚታጠፈው። ወደ ቀኝ ለመሄድ የቀኙን እጀታ በትንሹ ወደፊት ትገፋለህ፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ይታጠፋል። ይህን እንደምታደርግ ራስህም አታውቅም፤ እጅህ ነው የሚያውቀው። ሳይድካር ያለው ሞተር ግን አያዘነብልም። የቀኙን እጀታ ስትገፋ መሪው ወደ ግራ ይዞራል፣ አንተም ወደ ግራ ትሄዳለህ። አለቀ።

መፍትሄው እንደ ባጃጅ ማዞር ነው። ወደ ቀኝ ለመሄድ የግራውን ግፋ፣ የቀኙን ሳብ። ወሬው ቀላል ነው፤ እጅ ግን ቶሎ አይሰማም። አዝመራ ከተነሳ በኋላ የደረቀ ሜዳ ፈልግ፣ አራት ባዶ ጀሪካን ደርድር፣ በአንደኛ ማርሽ በመካከላቸው ስምንት ቁጥር እየሠራህ ዙር። ሰው አትጫን። እጅህ ሳታስበው እስኪያዞር ድረስ አስፋልት አትውጣ። እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አራተኛው ቀን ላይ ደግሞ የጓደኛዬን ተራ ሞተር ተውሼ በሱም ልወድቅ ነበር!

አንድ ነገር ልጨምር። ስትቆም እግርህን መሬት ማውረድ ተው። ሦስት ጎማ አለህ፣ አትወድቅም። የቀኝ እግርህን ካወረድክ በሞተሩና በሳይድካሩ መካከል ይገባና የሳይድካሩ ብረት ሊሄድበት ይችላል።

«ነዳጅ ስሰጥ ወደ ቀኝ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይስበኛል»

ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። መካኒክ ጋ ወስደህ ገንዘብህን አትጨርስ።

የሚገፋው የሞተሩ የኋላ ጎማ ብቻ ነው። ሳይድካሩ ተጎታች ነው። ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲለግም ሌላው ቀድሞ ሄዶ ቀንበሩ ወደ ለገመው በኩል ሲዞር አይተህ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ነዳጅ ስትሰጥ ሳይድካሩ ወደኋላ ስለሚቀር ወደ ቀኝ ትዞራለህ። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ሞተሩ ሲቆም ሳይድካሩ አልቆምም ብሎ ወደፊት ስለሚል ወደ ግራ ትዞራለህ። ሳይድካሩ በተጫነ ቁጥር ይብሳል።

መፍትሄው ቀድሞ መጠበቅ ነው። ነዳጁን ቀስ አድርገህ ስጥ፣ መሪውን በትንሹ ወደ ግራ ያዝ። ፍሬኑንም ቀስ በቀስ፣ የፊቱንም የኋላውንም አንድ ላይ ያዝ፤ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ይሁን። ከሁለቱ የሚያስፈራው የፍሬኑ ነው። በግራህ ያለው ከፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ ነዋ! የሳይድካሩ ጎማ የራሱ ፍሬን ካለው ይሄ ችግር በጣም ይቀንሳል፤ ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይሄን ይሁን።

«በእኩል ፍጥነት ስሄድም ይስበኛል፤ ክንዴ ዛለ»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የአገጣጠም ነው። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሰቃየው በዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከቀላሉ ጀምር። የሦስቱንም ጎማ ንፋስ አስለካ። ቡሎኖቹን አጥብቅ። ከዚያ መንገዱን ጠርጥር፦ አስፋልት ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ከመሃሉ ወደ ዳሩ ያዘቀዝቃል፣ ስለዚህ በቀኝ ጠርዝ ስትሄድ ትንሽ ወደ ቀኝ መሳቡ ያለ ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ሞክረው። እዚያም ከሳበህ መለካት ነው።

የእኔን የገጠመው ሰው ሁሉንም ነገር በውሃ ልክ ቀጥ አድርጎ ነበር የሠራው። ለዓይን ግጥም ያለ! ግን ሳይድካር ቀጥ ብሎ አይገጠምም። ሁለት መዛባቶች ያስፈልጉታል።

የመጀመሪያው፣ የሳይድካሩ ጎማ አፍንጫውን (የፊት ጫፉን) በትንሹ ወደ ሞተሩ ማዞር አለበት። ለመለካት ሁለት ቀጥ ያሉ ሞራሌዎች ይበቁሃል፤ የተጣመመ ሞራሌ ግን ጉድ ይሠራሃል፣ ስትገዛ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በርዝመቱ እየው። አንዱን በሞተሩ ሁለት ጎማዎች ጎን፣ ሌላውን በሳይድካሩ ጎማ ጎን መሬት ላይ አጋድም። የመጀመሪያው ሞራሌ የኋላ ጎማውን ሁለት ቦታ ይንካ፤ የፊቱ ጎማ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ቢርቀው አይግረምህ። አሁን በሁለቱ ሞራሌዎች መካከል ያለውን ስፋት ከፊት ጎማው ፊት፣ ቀጥሎም ከኋላ ጎማው ጀርባ ለካ። የፊቱ ከኋላው ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት። ከዚያ በላይ ከጠበበ ጎማህ እንደ ላጲስ ይበላል።

ሁለተኛው፣ ሞተሩ ራሱ ከሳይድካሩ ርቆ ወደ ግራ 1 ወይም 2 ዲግሪ ማዘንበል አለበት። ዲግሪ የሚለካ ዕቃ አያስፈልግህም። ከግንበኛ ቱምቢ ተዋስ። 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ 1 ዲግሪ ማለት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ ነው። ስትለካ አንተ ተቀመጥበት፣ ሳይድካሩም ውስጥ ሁልጊዜ የምትጭነውን ያህል ክብደት ይኑር፣ ቱምቢውን ሌላ ሰው ይያዝልህ። ባዶውን ለክተህ የተስተካከለ ሞተር ሰው ሲጫንበት ይዛባል።

ወደ ቀኝ የሚስብህ ከሆነ ወደ ግራ ያለውን ማዘንበል ጨምር፤ የላይኛውን ማያያዣ ዘንግ ስታስረዝመው ሞተሩ ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ግራ የሚስብህ ከሆነ አሳጥረው። አንድ ነገር ብቻ፣ በትንሹ ቀይር፣ ነድተህ እይ፣ ከዚያ የጎማውን አፍንጫ እንደገና ለካ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይዛነፋልና። ማያያዣው ጥርስ የሌለው፣ ድርቅ ያለ ብየዳ ከሆነ ግን የሚስተካከል ነገር የለም። አስቆርጠህ በሚዞር ዘንግ አስቀይረው። እኔ እንደዚያ አደረግኩ፤ ከሰዓት በኋላ የተለየ ሞተር ነበር።

«ወደ ቀኝ ስታጠፍ ሳይድካሩ ተነሳ»

ከፍኖተ ሰላም ስመለስ ነው፣ እማዬ ተሳፍራለች። አንድ የቀኝ ጥምዝ ላይ ትንሽ ፈጠን ብዬ ገባሁ። ጎማው ከመሬት ሲለቅ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ሲመለስ ዞር ብላ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ክንፍ አለው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳትማተብ አትገባም።

ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደት ሁሉ ወደ ግራ ይሸሻል፣ ሳይድካሩም ይቀልላል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጀማሪ ከሆንክ ከ30 እስከ 50 ኪሎ አሸዋ በማዳበሪያ አድርገህ ከሳይድካሩ ወለል ላይ እሰረው። ግማሽ ኩንታል ጤፍም ይሠራል፤ ብቻ የታሰረ ይሁን፣ የሚንከባለል ጭነት ከባዶው የባሰ ነው። ፍጥነቱን ከጥምዙ በፊት ጨርስ፣ ውስጥ ገብተህ አይደለም። ሰውነትህን ወደ ሳይድካሩ አስጠጋ።

ከተነሳስ? አትደንግጥ፣ ፍሬን አትርገጥ። ነዳጁን ቀስ ብለህ ቀንስ፣ ቦታ ካለህ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ክፈት። ራሱ ይወርዳል። ይሄን አስፋልት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምታየው ጀሪካኖቹን የደረደርክበት ሜዳ ላይ ሆን ብለህ፣ በዝግታ ጠበብ ያለ ዙር እየዞርክ አንሳው። አሥር ጊዜ ከተነሳብህ በኋላ አያስደነግጥህም።

የግራውን ጥምዝ ሰው ይንቀዋል፣ ሳይድካሩ ስለማይነሳ። ግን በጣም ፈጥነህ ገብተህ በዚያ ላይ ፍሬን ከያዝክ የሳይድካሩ አፍንጫ ይደፋል፣ የኋላ ጎማህ ከመሬት ይለቃል። የቀኙ ያስጠነቅቅሃል፤ የግራው አያስጠነቅቅም።

«መሪው ይንቀጠቀጣል»

ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ነው የሚመጣው። የፊቱ ሹካ የተሠራው ለሁለት ጎማ ስለሆነ ከሳይድካር ጋር ሲሄድ የመርገፍገፍ ባህርይ አለው። ሁለቱን እጀታ ያዝ፣ ግን ሙጭጭ አትበል፤ ፍጥነቱን ቀስ ብለህ ስትለውጥ ያልፋል። ካላለፈ የመሪው ኩሽኔታ ላልቶ ይሆናል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳና ሹካውን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቀው፤ «ቋ» ካለህ አገኘኸው። መርገፍገፉን የሚያበርድ ልዩ አሞርዛተር መሪው ላይ ካለህ አጥብቀው።

«ጭቃ ላይ አንድ ቦታ ይሽከረከራል፤ ጉድጓድ ሁሉ የእኔ ነው»

በክረምት ወደ ብቸናና ሞጣ በኩል ገባ ያልክ እንደሆነ ዋልካውን ታውቀዋለህ። የሚገፋህ አንድ ጎማ ብቻ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ሳይድካሩ ላይ ነው። ጭነቱን ወደ ሞተሩ ጀርባ አዙረው፣ አንተም ወደኋላ ተቀመጥ። ጉድጓዱን በተመለከተ መፍትሄ የለኝም። ሦስት ጎማ ሦስት መስመር ይሄዳል፤ አንዱን ስታድን ሌላው ይገባል። እኔ ሳይድካሩን ነው የማድነው፣ እማዬ አለችበታ።

«አቅም አጣ፤ ፍሪሲዮኑም ይሸታል»

ደብረ ማርቆስ ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ 150 ሲሲ ሞተር አለኝ ብለህ ብታስብም የቀረልህ ጉልበት ከዚያ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ሳይድካር፣ በዚያ ላይ ሰው። የሰንሰለቱን የፊት ጥርስ በአንድ ቁጥር አሳንስ ወይም የኋላውን አተልቅ። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቶበታል፤ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ ካርቡራተሩን አስተካክል።

«ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለኝ»

ከደጀን ወደ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ሁለት እግር ላለው ሞተር የተሠራ ታምቡር ፍሬን፣ ሳይድካርና ሰው ተጨምሮበት፣ ያን ሁሉ መንገድ ተይዞ ሲወርድ ይግላል፤ ሸራው ሲግል መንሸራተት ይጀምራል። ምልክቱ ሽታ ነው፦ የተቃጠለ ነገር ይሸትሃል፣ ቀጥሎ የፍሬኑ እጀታ እስከ ጥግ ይገባል። ሲሸትህ ነው መቆም ያለብህ፣ ሲገባ አይደለም።

ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ። ፍሪሲዮን ይዘህ ወይም ማርሽ አውጥተህ ቤንዚን ለመቆጠብ ብለህ እንዳትወርድ። ፍሬኑን አጠር አጠር አድርገህ ያዝና ልቀቅ። መሃል ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ ከመንገዱ ወጥተህ ቁም፣ በራሱ ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስ፣ ይሰነጠቃል። እሱ እስኪበርድ መፍቻህን አውጣና የሳይድካሩን ቡሎኖች አንድ በአንድ ሞክራቸው። እኔ አንዴ ሁለቱን በእጄ ሲዞሩ አግኝቻቸዋለሁ።