የታመመ ሳንቲምና ያረጀ ሳንቲም፦ የሄለናዊ ዘመን (ከታላቁ እስክንድር በኋላ የግሪክ ነገሥታት የገዙበት ዘመን) ነሐሶች ችግርና መፍትሄ

ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት

የሚያስቸኩለው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል። ጠቆር ያለው፣ ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴ ልባስ ጤነኛ ነው፤ ሳንቲሙን ከ2,000 ዓመት በላይ ያቆየውም እርሱ ነው። በስቴኪኒ ሲነካ የሚረግፍ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ግን ሌላ ነገር ነው። መንስኤው ሳንቲሙ ተቀብሮ ሳለ ከአፈሩ የገባበት ክሎራይድ (በጨው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ነው። ክሎራይዱ እርጥበትና አየር ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ መዳቡን ይበላል፤ ከዚያም መልሶ ክሎራይድ ይወለዳል። ስለዚህ እርጥበት እስካለ ድረስ አይቆምም።

ሳንቲሙን ለብቻው አድርጉት። ዱቄቱን በአጉሊ መነጽር እያያችሁ በስቴኪኒ ጫሩና ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ውሃውን በየጥቂት ቀኑ እየቀየራችሁ ለሳምንታት ታገሡ። የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎሪን አለበትና አይሆንም። ከዚያ በደንብ አድርቁት፤ እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡትና በየጊዜው ተመልከቱት፤ ዱቄቱ ከተመለሰ ሥራውም ይደገማል። ሎሚና ኮምጣጤ የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ልባሱ አንዴ ከተነሣ አይመለስም፣ ዋጋውም አብሮት ይሄዳል።

የሚያጣብቅ አረንጓዴ

ጥፋቱ ሳንቲሙ የተቀመጠበት የፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስ ነው። ከእሳት ርቃችሁ በንጹሕ አሴቶን እጠቡት፤ ኪሱን ጣሉት።

መሃሉ ላይ ጉድጓድ፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ

ሁለቱም ጉዳት አይደሉም። በግብፅ በነገሡት ፕቶሎሚዎች ትልልቅ ነሐሶች ላይ በሁለቱም ፊት መሃል የሚታየው ጉድጓድ ሳንቲሙ ሲዘጋጅ የቀረ ምልክት ነው። ጥርሳሙ ጠርዝ ደግሞ በሶርያ እንደ አንቲዮኮስ አራተኛና ድሜጥሮስ ቀዳማዊ ባሉ ነገሥታት ዘመን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አትድፈኑት፣ አትሞርዱት።

ስሙ ይነበባል፣ ንጉሡ አይታወቅም

ፕቶሎሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ «የንጉሥ ፕቶሎሚ» ብለው ብቻ ይጽፋሉ፤ ስንተኛው እንደሆነ ቁጥር የለም። የዜውስ አሞንን (የግሪክና የግብፅ አማልክት ጥምር) ራስና በመብረቅ ላይ የቆመውን ንስር አይቶ መፍረድም አይቻልም፣ ብዙዎቹ ይጋሩታልና። መፍትሄው ሚዛንና ማስመሪያ ነው፦ ክብደቱንና ስፋቱን ለኩ፤ ቀጥሎ በንስሩ እግሮች መካከልና በጎኑ ያሉትን ፊደላትና ምልክቶች ከካታሎግ ጋር አስተያዩ። በአዱሊስ በነበረው የድንጋይ ጽሑፉ የሚታወቀው ፕቶሎሚ ሦስተኛ ያስመታቸው አንዳንድ ነሐሶች በእግሮቹ መካከል የኪና የሮ (የግሪክ Χ እና Ρ) ፊደላት ጥምር አለባቸው። ክርስቶስ የሚለው ስም በግሪክ በእነዚሁ ፊደላት ስለሚጀምር፣ ሻጮች ይህን «የክርስቶስ ምልክት» እያሉ ዋጋ ሲሰቅሉበት ይገርመኛል። ሳንቲሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተመታ ነው፤ ፊደላቱ የአስመቺዎቹ መቆጣጠሪያ ናቸው።

በጠርዙ ዙሪያ ስፌት

እዚህ ላይ ችኩል ፍርድ ያሳስታል። ሳንቲሞቹ በመዶሻ ቢመቱም ገና ያልተመታው ባዶ ጥፍጥፍ በቅርጽ የፈሰሰ ነበር፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቦታ የተቆረጠ ጉብታ መኖሩ የጥንትነት ምልክት እንጂ የሐሰት አይደለም። መስመሩ ዙሪያውን ከሄደ፣ ፊደላቱ ከሟሙ፣ ገጹም የአየር አረፋ በሚመስሉ ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች ከተሞላ ግን ሳንቲሙ ራሱ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ነው። ሳታጥቡትና ሳትነካኩት ለሻጩ መልሱት።