ልጅ ሲያስቀምጠው፦ ከለምለም እስከ ጤና ጣቢያ

ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ለአደጋ የሚያጋልጠው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ለምለም (ኦአርኤስ የሚባለው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) የሚሰጠው ያንን ለመተካት እንጂ ተቅማጡን ወዲያው ለማስቆም አይደለም። ይህን ሳያውቁ «ጠጣ፣ ግን አልቆመለትም» ብለው በሁለተኛው ቀን የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ ልጁን የሚያደክመውም ይኸው ነው።

እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ለኩ። ፓኬቱ የአንድ ሊትር መሆኑን ጽሑፉ ላይ አይታችሁ ሙሉውን በጥብጡ። ለቁጠባ እየቆነጠሩ በብርጭቆ መበጥበጥ ትልቅ ስህተት ነው፦ ከወፈረ ጨዉ ልጁን ይጎዳዋል፣ ከቀጠነ የወጣውን አይተካም። ስኳር፣ ወተት ወይም ሻይ አይገባበትም። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ።

ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር (አንድ የቡና ሲኒ ገደማ)፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ይበልጥ በዝግታ ቀጥሉ። ጡትና ምግብ አይቋረጥም።

ዚንክም አብሮ ይሰጣል። ባለ 20 ሚሊ ግራሙ ከ2 እስከ 6 ወር ላለ ግማሽ ፍሬ፣ ከ6 ወር በላይ ላለ አንድ ፍሬ፣ በቀን አንዴ ለ10 ቀን ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም 10 ቀኑ ይሙላ።

«የጥርስ ነው» ተብሎ ግግ ማስወጣት ወይም እንጥል ማስቆረጥ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ይዳርገዋል፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ ቤት ውስጥ አትሞክሩ፣ ወዲያው ውሰዱት። ከዚያ በላይ የሆነውንም መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለው አትዘግዩ። የሆዱን ቆዳ በእምብርቱና በጎኑ መካከል በሁለት ጣት አንስታችሁ ልቀቁት፤ ቶሎ ካልተመለሰ የሰውነቱ ውሃ ጎድሏል። ቀለል ላለው ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለምለምና ዚንክ ትሰጣለች፤ ለእነዚህ ምልክቶች ግን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ።

መዋጥ ከቻለ፣ በመንገድም ለምለሙን በማንኪያ እየሰጣችሁት ተጓዙ።